ስድሳ ሰው የሜሮንን ስም የጠራበት ቅዳሜ

በሃያ ስድስት ዓመት የዘጋቢነት ሥራዬ፣ ልዘግብ በሄድኩበት ቦታ ራሴ የዜናው አካል ሆኜ አላውቅም ነበር። ከዳር ቆሜ አያለሁ፣ እሰማለሁ፣ ሰዓቱን ከጎኑ አድርጌ እጽፋለሁ። ሰው ሲያለቅስ ስሙን ከነአባቱ እጠይቃለሁ። አንዳንዶች ልበ ደረቅ ይሉኛል፤ አልቀየማቸውም። አንድ ነገር ለመጻፍ ሦስት ማረጋገጫ እፈልጋለሁ። ሁለት ካለኝ እጠብቃለሁ፣ አንድ ብቻ ካለኝ ዝም እላለሁ። ሌላም ልማድ አለኝ፤ ስናደድ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። የዚያን ቅዳሜ ማስታወሻ ደብተሬን ዛሬ ስገልጠው ፊደሎቹ ማተሚያ ቤት የወጡ ይመስላሉ።

የምኖረው አምስተርዳም ነው። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ጀምሬ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ለአንድ የሆላንድ ሳምንታዊ ጋዜጣና ለአማርኛ ድረ ገጾች እየጻፍኩ እተዳደራለሁ። ደችኛ ስለማነብ በወር ሁለት እሑድ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ደመወዝ የለውም። ስኪዳም ውስጥ፣ ድሮ ጂን የሚባል አረቄ ይጠመቅበት የነበረ የጡብ ሕንፃ አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልክ አንድ ትንሽ የሐበሻ ወንጌላውያን ጉባኤ አለ። እዚያው ከተማ ስኖር የጀመርኩትን ልማድ አምስተርዳም ከገባሁም በኋላ አልተውኩትም፤ በባቡር እወርዳለሁ። አምልኮው ሲያበቃ ሰው ፖስታውን ይዞ ይሰለፍልኛል። የኸሜንተ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ደብዳቤ፤ የቤት አከራዩ ድርጅት ደብዳቤ፤ የጤና መድን ደብዳቤ። "እህት ትርሲት፣ ይቺን እይልኝ" ይላሉ። አነባለሁ፣ በአጭሩ እነግራቸዋለሁ፣ የሚፈረም ካለ "እዚህ ጋ" ብዬ በጣቴ አሳያለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ይህን ኩራቴን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የዚያ ሳምንት ሥራዬ ቀላል ነበር። ጋዜጣው ለአንድ አምዱ ስምንት መቶ ቃል ፈለገ። እዚሁ አገር የተቀረጸ አንድ አስፈሪ ፊልም አለ፤ አፍቃሪዎቹ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች በአውቶቡስ እየዞሩ ሊያዩ ነው፤ አብረሽ ሂጂና ጻፊ ተባልኩ። የፊልሙን ስም እዚህ አልጠራም። ከእኔ ማስታወቂያ አይገባውም። ታሪኩ በአጭሩ፣ ግድግዳ ውስጥ የምትኖር የሞተች ሴት እየተጣራች ሰዎችን ወደ ግድግዳው ትስባለች። ሆን ብዬ ሳላየው ሄድኩ፤ እንደ እንግዳ ሆኜ መታዘብ ፈልጌ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር፣ ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፎ ተሰበሰብን። ስድሳ ሰው ነው። አዘጋጁ ባስ ይባላል፤ ቀይ ጢም ያለው፣ ድምፅ ማጉያ ከእጁ የማይለየው፣ ደስታው የሚያደክም ሰው። አንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ላይ አስቆመን። እውነተኛ ሰዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ነው። ከዳፐርማርክት ገበያ አትክልት ሸምታ የተመለሰች ሴት በገዛ ደረጃዋ ላይ ለማለፍ እኛን ይቅርታ ጠየቀች። ማንም አልተነቃነቀም።

"ዝግጁ ናችሁ?" አለ ባስ። ቁልፍ ተጫነ።

ከትንሿ ማጉያ የሴት ድምፅ ወጣ። ሩቅ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ዓይነት። "ሜሮንዬ… ነይ ግቢ… በሩ ክፍት ነው።"

ወዲያው ስድሳው ሰው በአንድ አፍ መለሰ። "ሜሮንዬ! ነይ ኺቢ! ቤሩ ኪፍት ኖ!" ተሳሳቁ፣ አጨበጨቡ።

"ሐበሻ ነሽ አይደል?" አለችኝ አጠገቤ የቆመች ወጣት፣ በአማርኛ። ሊዲያ ትባላለች፤ ዴንሃግ፣ በዜና ዘ ሄግ የምንላት ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው ቢሮ የምትሠራ። "ፈራሽ እንዴ? ገና ምኑን አይተሽ!"

"አሁን ያልሽውን ታውቂዋለሽ?"

"በቃሌ ነዋ! ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።"

"አማርኛ እኮ ነው።"

ሳቀች። "ኔ ሆር፣ አይደለም! የጥንት ቋንቋ ነው፣ ለፊልሙ የፈጠሩት። ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "መጀመሪያ ላይ እኔም የእናቴን ንግግር መስሎኝ ነበር። ግን አይደለም ሲሉ አመንኩ፤ የእኔ አማርኛ ታውቂያለሽ፣ የኩሽና ነው" አለች።

ባስን ቋንቋው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "ማንም አያውቅም! ውበቱ እሱ አይደል?" አለኝ። አልተከራከርኩም። በደብተሬ ላይ "አራት ሰዓት ከሃያ። ድምፅ፣ አማርኛ። የማን?" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ማረጋገጫ ብቻ ነበረኝ።

አውቶቡሱ ወደ ዴንሃግ ሲነሣ ፊልሙን ከየወንበሩ በላይ ባሉት ስክሪኖች ከፈቱት። ድምፁ አራት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፈንኩ። "ሜሮንዬ" ከሚለው ቃል በኋላ፣ ትንፋሽ ሲሳብ ጉሮሮ ውስጥ የምትቀር አጭር ሲቃ አለች። ያቺን ሲቃ አውቃታለሁ።

ወይዘሮ ዘነበች ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። የስኪዳሙን ጉባኤ መዝሙር የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። ከፊተኛው ወንበር ተነሥተው ይጀምራሉ፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያቺ ሲቃ ትሰማለች። አዳራሹንም የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሜሮን በሃያ ዓመቷ፣ ዴልፍት ምሕንድስና እየተማረች፣ በብስክሌት ስትሄድ መንገድ የሚታጠፍ የጭነት መኪና ገጫት። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ ዘነቡ ቤታቸው ማልቀስ አልቻሉም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ለአከራዩ ድርጅት ከሰሳቸው። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጉባኤ ውስጥም ማልቀስ አልሆነላቸውም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ምእመናኑ "ይብቃዎት፣ እሷ ጌታ ጋ ናት፣ ይህን ያህል ማልቀስ አለማመን ነው" ማለት ጀመሩ። የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ታዬ ብቻ ሌላ ነገር አደረጉ። ቁልፍ ሰጧቸው። "ሐሙስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ማንም አይመጣም" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘነቡ ሐሙስ ሐሙስ አዳራሹን ያጸዳሉ፣ ሲጨርሱ በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ፣ ከዚያ ልጃቸውን ይጣራሉ። ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። ማንም አያነሣውም።

ድምፁ አንድ፣ ስሙ ሁለት። ሦስተኛው ይቀረኝ ነበር።

ዴንሃግ፣ ከባሕሩ ዳር ባሉት የአሸዋ ኮረብታዎች ሥር ያለ አሮጌ ቪላ ውስጥ ምሳ ቀረበ። የአይብ ዳቦ ነው። ቤቱ ይሞቅ ስለነበር ሰው ጃኬቱን አወለቀ፤ ያኔ ጥቁር ካናቴራዎቹን አየሁ። በየጀርባው በነጭ የላቲን ፊደል ሦስቱም ሐረጎች ተጽፈዋል። ሜሮንዬ። ነይ ግቢ። በሩ ክፍት ነው። አንዱ ሰናፍጭ አንጠባጥቦበታል።

የክብር እንግዳው ሩበን የፊልሙ ድምፅ ቀጂ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ለስላሳ፣ ትሑት ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ አይመችም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

"ድምፁን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከስኪዳም። የግድግዳውን ትዕይንት የቀረጽነው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጎኑ የጸሎት ቤት ቢጤ አለ። አንድ ሐሙስ ጠዋት የባዶውን ክፍል ድምፅ ልቀዳ ማይክሮፎኔን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁ። ያኔ ሰማሁት።" እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

"ምን መሰለህ?"

"ሰው ሲያለቅስ።"

"ለቅሶ መሆኑ ገብቶህ ነበር ማለት ነው።"

"እንዴታ።"

"ምን ያህል ቀዳህ?"

"አርባ ደቂቃ ያህል። በሚቀጥለውም ሐሙስ ተመለስኩ።"

"በሩን አንኳኳህ?"

"አላንኳኳሁም" አለ፣ ለሰው የተጠነቀቀ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። "ልረብሻት አልፈለግሁም።"

ቃል በቃል ጻፍኩት። በደብተሬ ውስጥ ካሉት መስመሮች ሁሉ እጅግ ያማረው እሱ ነው።

"ፈቃድስ?"

"አለን። ሁሉም በሕግ ነው።" ስልኩን አውጥቶ ፈለገና አንድ ምስል አሳየኝ። ለመጋዘኑ ጎረቤቶች የተላከ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቀረጻው ቀናት፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ጫጫታ ይናገራል። የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ በቀረጻው ቦታና በዙሪያው የሚቀዳ ማንኛውም ድምፅ ለፊልሙ ሊውል እንደሚችል ፈራሚው ተስማምቷል ይላል። ከሥሩ የጋሽ ታዬ ፊርማ። ከፊርማው ሥር ደግሞ "ለፈራሚው አንብቦ የተረጎመለት ሰው" የሚል መስመር፣ በመስመሩ ላይ ስም።

ስሙ የእኔ ነው። እጅ ጽሑፉም የእኔ ነው። አስቀያሚ፣ የተቻኮለ እጅ ጽሑፍ።

አስታወስኩት። ከአምልኮ በኋላ፣ ኮሪደር ላይ፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ እንዳለ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። "ጎረቤት ፊልም ሊቀርጹ ነው ጋሽ ታዬ፣ ሁለት ሳምንት ጫጫታ አለ፣ ይፈርሙ" አልኳቸው። "ሁለተኛው ገጽስ?" አሉ። "ያው የተለመደው ነው" አልኩ። ስንት ሚኒስትርና ከንቲባ "ያው የተለመደው ነው" ሲለኝ ሁለተኛውን ገጽ ካላየሁ ብዬ የተሟገትኩ ሰው ነኝ።

ሩበን "ደኅና ነሽ?" አለኝ። "አመሰግናለሁ፣ ጨርሻለሁ" ብዬ ወጣሁ።

የቀኑን መርሐ ግብር አየሁ። ሮተርዳም አንድ የመሬት ውስጥ መኪና ማቆሚያ፤ ከዚያ የመዝጊያው ዝግጅት ስኪዳም። መጋዘኑ ፈርሶ ስለተሠራ መዝጊያው ጎረቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ድምፁ በትልልቅ ማጉያ ይለቀቃል፣ ሁሉም ይመልሳል። እትዬ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። አያነሡም። ሲያጸዱ ስልካቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ፣ ኮቱ መስቀያ ላይ ነው። ጋሽ ታዬ ጋ ደወልኩ። ከጀርባቸው ጭብጨባና ዘፈን ይሰማል።

"ጋሽ ታዬ፣ ዛሬ አዳራሹን ለማን ሰጣችሁ?"

"ለጎብኚዎች ነው ያሉት። ዘነበች ከፍታ ትጠብቃቸዋለች። ምነው ልጄ?"

"እሳቸውን ከዚያ ሊያስወጡልኝ ይችላሉ?"

"እኔ አርንሄም ከተማ ሰርግ ላይ ነኝ። ምን ተፈጠረ?"

"በኋላ እነግርዎታለሁ" አልኩ። መናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም።

ባስን ከሰው ለይቼ ያዝኩት። "የስኪዳሙን ሰርዘው። ድምፁ የአንዲት እናት ለቅሶ ነው። የምትጠራው የሞተች ልጇን ነው። ሴትዮዋ አሁን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ናት።"

ይሸማቀቃል ብዬ ነበር። ዓይኑ በራ። "እዚያ ናት? በአካል?"

ይህን አልረሳለትም።

ከዴንሃግ ወደ ሮተርዳም የሚወስደው አውራ ጎዳና ዴልፍትን ታኮ ያልፋል። እዚያ ጋ መኪናው ተጨናንቆ ቆምን። የዴልፍት ረጅም የቤተ ክርስቲያን ማማ በመስኮት ይታያል፤ ከጭንቅላቴ በላይ ስክሪኑ ሜሮንን ይጠራል፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ይመልሳሉ። ሊዲያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለባስ የነገርኩትን ሰምታለች።

"እውነትሽን ነው? ሜሮን ሰው ናት?"

"ነበረች።"

"የት ሞተች?"

በመስኮቱ አሳየኋት። ሊዲያ በዚያ ሙቀት ጃኬቷን ካናቴራዋ ላይ መልሳ ለበሰች፣ ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋችው።

ሮተርዳም እንደደረስን ሌሎቹ ወደ መኪና ማቆሚያው ሲወርዱ እኔ ወደ ሜትሮ ሮጥኩ። ስኪዳም ስወርድ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ይላል። የቦዩን ድልድይ ተሻግሬ፣ የድንጋይ ንጣፉን እየረገጥኩ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ሮጬ የአዳራሹን በር ከፈትኩ። እትዬ ዘነቡ ቢጫ የጎማ ጓንታቸውን አድርገው ወንበር እየደረደሩ ነበር።

"ምን ሆነሻል አንቺ? ላብ በላብ ሆነሽ! ቁጭ በይ፣ ውሃ ልስጥሽ።"

"እትዬ ዘነቡ፣ ኮትዎን ይልበሱ። እንውጣ።"

"ወንበሩን ሳልጨርስ? ስድሳ ሰው ይመጣል ብለውኛል።"

ነገርኳቸው። ፊልሙን፣ ማይክሮፎኑን፣ ሁለቱን ሐሙሶች፣ ካናቴራውን፣ አሁን እየመጣ ያለውን አውቶቡስ። ዜና ስዘግብ እንደማደርገው ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል። ቆመው ሰሙኝ።

"የሐሙሱን?" አሉ። "የሐሙሱን ሰሙብኝ?"

"ሰሙዎት።"

ወደ ግድግዳው ሄዱ። በመዳፋቸው፣ የተኛ ሰው ጀርባ እንደሚነኩ አድርገው ነኩት። "ከዚህ ማዶ?"

"ከዚያ ማዶ።"

"ስንት ሰው ሰማው?"

ቁጥሩን አላውቅም ነበር። "ብዙ" አልኩ።

"አከራዩ አታልቅሺ አለኝ። ወንድሞች አታልቅሺ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ እዚህ ገብቼ ቆልፌ አለቀስኩ። ይቺንም ወሰዱብኝ?" ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ተቆጥተው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አዝነው አየኋቸው እንጂ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "አልወጣም። ይምጡ። አንቺ አጠገቤ ቁሚና የምለውን ንገሪልኝ። እነሱ የሚሉትንም ንገሪኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።"

"ምንም አላስቀርም" አልኩ። የፊርማውን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። አውቶቡሱ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ነበረን። ወንበር አብሬያቸው ደረደርኩ። ይህንንም እንደ ሐቅ መዝግቡት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገቡ። እትዬ ዘነቡ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ከመብራት ማብሪያው አጠገብ ተቀመጡ። ባስ በዓይኑ ፈልጎ አገኛቸውና ፈገግ አለላቸው። መብራት ጠፋ። ድምፁ መጣ። በዚያ ጣሪያ ሥር፣ በተለቀሰበት ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳው የወጣው ድምፅ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። "ሜሮንዬ… ነይ ግቢ… በሩ ክፍት ነው።" ስድሳው ሰው ጮኸ። እጄ ወደ ማጉያው ገመድ ሲሄድ እትዬ ዘነቡ ክንዴን ያዙኝ። "ተይው፣ ይጨርሱ" አሉ።

ጨረሱ። እትዬ ዘነቡ ተነሥተው መብራቱን አበሩ፣ በወንበሮቹ መሀል አልፈው ፊት ለፊት፣ መዝሙር የሚያነሡበት ቦታ ቆሙ። ጭብጨባ ሆነ። "ተዋናይ ቀጥረዋል!" አለ አንዱ። ስልኮች ተነሡ። ጓንት ያደረገ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም እስኪሉ ጠበቁ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ።

"ሜሮን የእኔ ልጅ ናት። ቁልፍ ትረሳለች። ሥራ ስሄድ በሩን ሳልቆልፍ እተውላት ነበር። በሩ ክፍት ነው የምላት ለዚያ ነው እንጂ ሰው ላስፈራራ አይደለም።"

ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሁሉም ግን አይደሉም።

"እኔ ብቻዬን ስጠራት አልመጣችም። እናንተ ስድሳ ሆናችሁ ጠራችኋት፣ ለእናንተም አልመጣችም። ከዛሬ ጀምሮ አትጥሯት።" ከዚያ ወደ ሩበን ዞሩ፤ እሱ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፣ አንገቱን የደፋው እሱ ብቻ ስለነበር ነው። "ማን ፈቀደልህ?"

ተረጎምኩ። ሩበን ተነሣ። በጣም እንዳዘነ ተናገረ። ያንንም ተረጎምኩ። ከዚያ ስልኩን አወጣና፣ "ግን ወረቀት ነበረ። ኃላፊያቸው ፈርሟል። በቋንቋቸው ተነብቦላቸዋል፤ ያነበበው ሰው ስምም እዚህ አለ" አለ። ስሙን ለማየት ስክሪኑን አሰፋ። አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

አዳራሹ ይጠብቃል። እትዬ ዘነቡ "ምን አለ?" አሉኝ።

በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰዎች ሊናገሩ የማይፈልጉትን ነገር እንዲናገሩ ፊታቸው ቆሜ ጠብቄያለሁ። ምን እንደሚሰማቸው ግን አላውቅም ነበር።

"ወረቀት ተፈርሟል ነው የሚለው። ጋሽ ታዬ ፈርመዋል። ወረቀቱን አንብቦ የተረጎመላቸው ሰው ስም አለበት ይላል።" ቆምኩ። "እኔ ነኝ።"

እትዬ ዘነቡ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ድምፄን እንደሚወስዱ ተጽፎ ነበር?"

"ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መጨረሻው ላይ።"

"እስከ መጨረሻው አነበብሽው?"

"አላነበብኩትም።"

"ለምን?"

"ባቡር ሊያመልጠኝ ነበር።"

አሰቡ። "ደረስሽበት?"

"ደረስኩበት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓንታቸውን አውልቀው የባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀሉ። ኮታቸውን ለበሱ። የአዳራሹን ቁልፍ ከቁልፍ መያዣቸው ፈልቅቀው እጄ ላይ አስቀመጡ። "ለታዬ ስጪልኝ" ብለው ወጡ። ሊዲያ ተነሥታ በሩን ያዘችላቸው፣ ጎንበስ ብላ።

የሆነው ይህ ነው። ከዚያ የተከተለውን ደግሞ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስምንት መቶውን ቃል ጻፍኩ፤ የራሴንም ስም ጨምሬ። የጋዜጣው አዘጋጅ "ይህ የግል ነገር ነው፣ አንቺን እናውጣሽ" አለኝ። እምቢ አልኩ፣ እንዳለ ወጣ። ፊልም ሠሪዎቹ በጣም ጨዋ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ድምፁ ግን ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ፊልሙ ውስጥ አለ። ባስ በኢሜይል ወይዘሮዋ በሚቀጥለው ዝግጅት የክብር እንግዳ ይሆኑልን እንደሆነ ጠየቀ። የመለስኩለትን እዚህ ማተም አይቻልም። ጋሽ ታዬ ነገሩን ስነግራቸው "ጠይቄሽ ነበር" አሉኝ። ሐሙስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት አዳራሹ አሁን በእርግጥ ባዶ ነው። እትዬ ዘነቡ የት እንደሚያለቅሱ አላውቅም፤ መጠየቅ እንደሌለብኝ ግን አውቃለሁ።

ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ግድግዳ አንኳኩቶ ከመጠየቅ ማይክሮፎን ማስጠጋት በቀለለው ሰው ላይ እናደዳለሁ። የሰው ሐዘን ፊቱ ቆሞ "በአካል?" ብሎ በሚደሰት ሰው ላይ እናደዳለሁ። አንዲት እናት በሯን ቆልፋ እንድታለቅስ ባደረግናት በእኛም ላይ። ግን ያ ቅዳሜ የለወጠኝ በእነሱ አይደለም። እናንተ ከአምልኮ በኋላ፣ በትራም ፌርማታ፣ በጓደኛ ሳሎን የሌላ ሰው ደብዳቤ የምታነቡ፤ ደችኛ ስለምታውቁ ብቻ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈርምላችሁ፤ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። "ያው የተለመደው ነው" የሚለውን አፋችሁ ውስጥ አስቀሩት። ያላነበባችሁትን አላነበብኩትም በሉ። ሰውየው ሌላ አንባቢ ይፈልጋል፤ ባቡሩም ይሂድ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለሦስት ወር እትዬ ዘነቡ አላናገሩኝም። አንድ እሑድ ግን አምልኮው አልቆ ሰው ሲሰለፍ መጨረሻ ላይ ቆመው አየኋቸው። ይቅር አሉኝ ብዬ አልጽፍም፤ ማረጋገጫ የለኝም። ፖስታውን ዘረጉልኝ። የቤት አከራዩ ድርጅት ስለ ማሞቂያ ጥገና የላከው ነው። አነበብኩ፣ ተረጎምኩ፣ አጠፍኩት።

"ከታች ያለውስ?" አሉ።

"የድርጅቱ አድራሻ ነው እትዬ ዘነቡ።"

"አንብቢው።"

መንገዱን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ከተማውን አነበብኩ።

"ጀርባውስ?"

ገለበጥኩት። ባዶ ነው።

"ባዶ ነው" አልኳቸው፣ አዙሬ እያሳየሁ።

ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አዩት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው የሚቀጥለውን ፖስታ አወጡ።